ቁስሉ ቢድንም ቀጠሮው አይቅር

ተማሪዎች ሆይ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ስትወጡ በመንገዱ ዳር የተሰቀለውን የሀገር ልብስ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ሥራውን ገታ አድርጎ ይቀጥለዋል። «አንድ ክር ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢያልፈው ጉድለቱ በልብሱ ላይ ይታያልና። የሳንባ ካንሰር ሕክምናም ይህን የመሰለ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ቃላችንን እንለይ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ካንሰርን ያመለክታል። ቲቢ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከሽሮ ሜዳ ሩቅ ያልሆነው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የታወቀው በዚህ ሕክምና ነው። ካንሰር ግን አይተላለፍም፤ የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር ነው።

ካንሰሩ ሳይሠራጭ ከተደረሰበት፣ ሐኪሞች የታመመውን የሳንባ ክፍል በቀዶ ሕክምና ያወጡታል። ይሁን እንጂ ዓይን የማያያቸው ጥቂት ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ ከቀሩ በሽታው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ተመራማሪዎችም ይህን ለመከላከል ይደክማሉ። ለምሳሌ አዳውራ በተባለውና 682 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኦሲመርቲኒብ የተባለው ክኒን እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ተገለጸው፣ ክኒኑን ከወሰዱት ከመቶ 88 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 78 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ግን ካንሰራቸው ልዩ የዘር ለውጥ ላለበት ሕሙማን ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

«ይህ ለባለጸጋ አገር እንጂ ለእኛ አይሆንም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የመድኃኒቱ ዋጋ ውድ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን ውድ የሆነውን እስክናገኝ ድረስ በእጃችን ያለውን መጣል ተገቢ ነውን? ቀጠሮ ማክበር ክኒን አይጠይቅም። ሲጋራ መተውም እንዲሁ ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስንና ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል። ሕጉ ግን በየመኖሪያ ቤቱ ገብቶ ሊጠብቅ አይችልም፤ እዚያ ጠባቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

በእኔ አስተያየት ትልቁ አደጋ «ዳነ» የሚለው ቃል ያለ ጊዜው መነገሩ ነው። የቁስሉ ጠባሳ ሲደርቅ ቤተሰብ ይደሰታል፤ ሕመምተኛውም የዕለት ሥራው እንዳይቀርበት ሲል ክትትሉን ይተዋል። እንግዲህ ከዘመዶቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ሕክምና አድርጎ እንደ ሆነ፣ የቀጠሮውን ቀን ጽፋችሁ ያዙለት፤ ሲሄድም አብራችሁት ሂዱ። በአጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ በትሕትና ከልክሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ሳይንስ የደረሰበትን ያህል ባንደርስ እንኳ እኛ የምንችለውን ሳናደርግ አንቅር።