ቧንቧው ወዴት ይሄዳል? ሒሳቡስ ለማን ይቀርባል?

እንደሚታወቀው፣ የተፈጥሮ ሀብት በአገር መሬት ሥር ተገኘ ማለት የሕዝብ ሀብት ሆነ ማለት አይደለም። ከጉድጓድ መውጣት፣ ወደ ፋብሪካ መድረስ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ መስፈርና በመጨረሻም ወደ ሠርቶ አደሩ ማጀትና ማሳ መግባት አለበት። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ታሪክ በግልጽ ያስተምረናል።

«ካሉብና ሂላላ በሶማሌ ክልል ናቸው፤ ጉዳዩ የመልካሳን ሠራተኛ ምን ያገባዋል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በደጃችን ነው። ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ የተነሣው ቦቴ በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ አዳማ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አርሲ የሚቀጥለውም በመልካሳ ያልፋል። የዚህ ረጅም ጉዞ ወጪ በታክሲው ሒሳብ፣ በወፍጮ ቤቱ ክፍያና በእህሉ ዋጋ ውስጥ ተደምሮ ይገኛል። የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ ያወጣቸው የበቆሎ ዝርያዎች ያለ ማዳበሪያ የሚጠበቅባቸውን ያህል አይሰጡም፤ ዩሪያ ማዳበሪያ ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በመልካሳው የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሆነው ሰልፈር እንኳ በዓለም ገበያ በአብዛኛው የሚገኘው ከነዳጅ ማጣሪያዎችና ከጋዝ ማጽጃዎች ነው። ስለሆነም የጋዝ ጉዳይ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ ጋዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች በዚያው ስፍራ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ በ2010 ጥሎ ወጣ። በ2013 ውል የፈረመው ፖሊ ጂሲኤል የተባለ የቻይና ኩባንያ ጋዙን እስከ ጅቡቲ የሚያደርስ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት አቀደ፤ በ2019ም ሁለቱ አገሮች ስለ ቧንቧው ተስማሙ። ሆኖም ቧንቧው ሳይዘረጋ በ2022 ውሉ ተቋረጠ። የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከግኝቱ እስከ ምረቃው 52 ዓመታት አለፉ! በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጋዙ ከቦታው አልጠፋም። የጎደለው ማውጫና ማጓጓዣ ነበር።

እዚህ ላይ የአቅምን ጉዳይ በቁጥር መመልከት ይገባል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ጋዝ እንደሚያመርት ተገልጿል። ይህም በቀን ወደ 300 ሺሕ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ቦቴ 45 ሺሕ ሊትር ይይዛል ብንል ሰባት ቦቴ አይሞላም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ሊዘረጋ ስምምነት የተፈረመበትና ሳይሠራ የቀረው የ550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ በቀን 240 ሺሕ በርሜል እንዲያስተላልፍ የታቀደ ነበር። ይህ ከ840 በላይ ቦቴዎች የሚሸከሙት ነው። ጅምሩን ለማንኳሰስ ይህን አላነሣንም። ምረቃ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አለመሆኑን ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገር ነው።

የሰፊው ዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ያረጋግጣል። በአሜሪካ ሼል ከተባለው ጠጣር ዐለት ውስጥ ጉድጓዱን አግድም በመቆፈርና ዐለቱን በውሃ ግፊት በመሰንጠቅ ዘይትና ጋዝ በብዛት ይወጣል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 በምዕራብ ቴክሳስ ዋሃ በተባለው የጋዝ መገበያያ ዋጋው ለብዙ ቀናት ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። ከዘይቱ ጋር አብሮ የሚወጣው ጋዝ በዝቶ ቧንቧዎቹ ስለሞሉ፣ አምራቹ ጋዙን ለሚወስድለት ሰው ራሱ ይከፍል ነበር። ቧንቧ የሌለው ሀብት ዕዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የመልካሳ ነዋሪ ይህን ለመረዳት ቴክሳስ መሄድ አያሻውም። አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የኃይል ማመንጫዎች ከ1966 እና ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጠገቡ ናቸው። ውሃው በደጁ ይወርዳል፤ ኃይሉ ግን የሚሄደው ሽቦው ወደተዘረጋበት ነው። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የሚኖር ጨለማ መንደር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጋዝም እንዲሁ ነው። ቧንቧው ወደ ወደብ ብቻ ከተዘረጋ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ወደ ማዳበሪያ ፋብሪካ ከተዘረጋ ወደ ገበሬው ማሳ የሚወስድ መንገድ ይከፍታል። በ2025 ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ለጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የተደረገው ስምምነት 108 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧንና በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ዩሪያን የሚመለከት በመሆኑ፣ ሕዝቡ በዓይነ ቁራኛ ሊከታተለው የሚገባ ነው።

አሁን ወደ መሠረታዊው ጥያቄ እንምጣ። ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ጉድጓድ የሚቆፍሩትም፣ ቁፋሮ የሚያቆሙትም በትርፍ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የቁፋሮ መሣሪያዎቹ ቆሙ፤ ሠራተኞቹም ከሥራ ተሰናበቱ። በ2022 ዋጋው ሲንር ኤክሶንሞቢል ብቻውን ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ በአገራችን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ጀመረ። አንዱ ዋጋ በዚያ ማዶ የትርፍ ድርሻ ሲሆን፣ በዚህ ማዶ የታክሲ ታሪፍ ጭማሪ ሆነ።

ከእነዚህ ኩባንያዎች ግን አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ በየሦስት ወሩ ለባለአክሲዮኖቻቸው ሒሳብ ያቀርባሉ። ስንት በርሜል እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደተሸጠ፣ ወጪው ምን እንደሆነ፣ ለባለድርሻው ምን እንደሚደርስ በቁጥር ያስረዳሉ። የአክሲዮኑ ባለቤት ይህን ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ያነባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ የሀብቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ከባለአክሲዮኑ ያነሰ የማወቅ መብት ሊኖረው ይገባል? በምርቃት ቀን ከሚሰማ ጭብጨባ ሌላ፣ በየሦስት ወሩ የሚነበብ ሒሳብ አይገባውም?

«ያለ ውጭ ካፒታልና ያለ ውጭ ባለሙያ ቁፋሮ አይታሰብም፤ ጥያቄ ማብዛት ባለሀብቱን ያሸሻል» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው አባባል እውነትነት አለው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ከፍተኛ ገንዘብና ዕውቀት ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም። በአገሩ በየሦስት ወሩ ሒሳብ ማቅረብ የለመደ ኩባንያ በእኛ አገር ሒሳብ ተጠየቅሁ ብሎ አይደነግጥም። ባለፉት 52 ዓመታት ኩባንያዎች ሲመጡና ሲሄዱ የነበረው ሕዝቡ ጥያቄ አብዝቶባቸው አልነበረም።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በየስብሰባቸው ሦስት ጥያቄዎችን ሊይዙ ይገባል። በቀን ምን ያህል ጋዝ ወጣ? ቧንቧውና ቦቴው ወዴት ወሰደው? ከሽያጩ ለአገሪቱ፣ ለክልሉና ከሁሉ በፊት ጉድጓዱ አጠገብ ለሚኖረው አርብቶ አደር ምን ደረሰ? መልሱም በየሦስት ወሩ፣ ሕዝቡ በሚያነባቸው ቋንቋዎች፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ይውጣ። ሒሳቡን የሚያውቅ ባለቤት ሀብቱን ይጠብቃል፤ ሒሳቡን የማያውቅ ባለቤት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።