ክሩን ከእግራችሁ ሥር ጣሉት

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የሚያድግ ልጅ ብርድና ጭቃ አይበግረውም፤ ሰፊ ውኃ ግን አያውቅም። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውኃ ቢተኛበትም በጋው ሲገባ ተመልሶ የከብት መሰማሪያ ይሆናል። ከቡራዩ አለፍ ብሎ ያለው ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ግድብ ስለሆነ ከሩቅ የሚያዩት እንጂ መንጠቆ ይዘው የሚጠጉት አይደለም። ሰበታዎች በዚህ ረገድ ትንሽ ይሻላሉ። ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እነሱ ዘንድ ነውና ዓሣ በኩሬ እንደሚረባ ሲወራ የሰሙ ልጆች አይጠፉም። መስማትና ክሩ ጣት ላይ ሲንቀጠቀጥ መያዝ ግን ለየቅል ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንግዲህ "አባባ፣ ዓሣ እናጥምድ" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አያት እሺ ይላሉ፣ እናት ትሰጋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ አጠማመድ አለ፤ ልጁ ውኃውን ሳይነካ፣ ጀልባም ሳይሳፈር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጦ የሚያጠምደው።

ቦታው የት ይሁን? ቢሾፍቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ሐይቆቿ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደላማ ነው፣ ከዳር ብዙ ሳይርቁም ይጠልቃሉ። ለመጀመሪያ ቀን አልመርጣቸውም። ከላንጋኖ አልፈው የሚገኙት አቢጃታና ሻላ ደግሞ ጨዋማ ናቸው፤ ለወፍና ለዕይታ እንጂ ለመንጠቆ አይሆኑም። የእኔ ምርጫ ባቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንለው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከከተማው ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የጀልባ ማቆሚያ ወደ ቱሉ ጉዶና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የሚሄዱ ሰዎች የሚሳፈሩበት፣ አጥማጆችም የሚመላለሱበት ነው።

ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያስታውሱ አያቶች ባሕር ላይ አጥማጅ ሰዓቱን የሚቆጥረው በውኃው መሙላትና መጉደል እንደሆነ ያውቃሉ። ሐይቅ ላይ ያ የለም፤ በምትኩ ነፋስ አለ። ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ ቡሹን ይሰውራል፣ ክሩም ይተበተባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ ያዙ። ከሱሉልታም ሆነ ከቡራዩ ተነሥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ በዚያ ሰዓት መድረስ ልጆቹን በሌሊት መቀስቀስን ይጠይቃል። አቅም ካለ ባቱ አድሮ መነሣት ይሻላል። አካባቢው ወባ ስላለው አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ አመሻሽ ላይም ልጆቹን ረጅም እጅጌና ሱሪ አልብሷቸው።

አሁን ወደ አጠማመዱ። አዲስ ሰው ሁሉ ክሩን አርቆ መወርወር ይወዳል፤ ዓሣው መሐል ሐይቅ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቆሮሶ ግን ጥላና መጠለያ ይወዳል። በድንጋዩና በእንጨቱ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ይበቅላል፣ እዚያ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ፣ ከጀልባ ላይም ፍርፋሪ ይወድቃል። የቆሮሶ ገበታ ይህ ነው። ልጁ ከተቀመጠበት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ በቆመ ጀልባ ጥላ ወይም በቄጠማው ጠርዝ ክሩን ቀስ አድርጎ ቢያወርድ ይበቃዋል።

ለዚህ ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ቀርከሃ፣ የእሱኑ ያህል ርዝመት ያለው የናይሎን ክር፣ ቡሽ፣ ከመንጠቆው በላይ የምትታሰር ትንሽ ክብደት፣ በቃ። ክሩ ከቀርከሃው አይርዘም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አጭር ክር አይወረወርም፤ ካልተወረወረ ደግሞ መንጠቆው ወደ ኋላ በርሮ የታናሽ ወንድም ዓይን አያገኝም። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ ይሁን። ጫፉ አጠገብ ያለችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት፤ ዓሣ አልፎ አልፎ ቢያመልጥ ነው፣ የልጅ ጣት ከወጋ ግን በቀላሉ ይወጣል። እሾሁ ያልተጨፈለቀ መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ አትጎትቱት፤ ክሩን ቆርጣችሁ እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ።

ማባበያው ከቤት ይሂድ። የምድር ትል ከጓሮ ቆፍሮ ከእርጥብ አፈር ጋር በቆርቆሮ መያዝ ለልጆቹ የጉዞው ግማሽ ደስታ ነው። ትል የሚጠየፍ ጠንከር ያለ ሊጥ ይያዝ። ሁለቱም ከሽምብራ ፍሬ አይብለጡ፤ ትልቅ ጉርሻ ቆሮሶ ከዳር ከዳሩ ለቅሞ ባዶ መንጠቆ ይተውላችኋል። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ዝም በሉ። ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰምጥ ግን ልጁ እጁን ሳይመነጭቅ ቀና ያድርግ። ምንም ካልነካ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ቡሹን ዝቅ ከፍ እያደረጋችሁ ጥልቀቱን ሞክሩ።

አምባዛ ከመሬት የሚለቅም፣ አመሻሽ ላይ የሚነቃ ብርቱ ዓሣ ነው፤ በክንፉ ላይ ያለው እሾህም ክፉ ነው። ለሕፃን አይሰጥም። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ቤተሰቦችም አሉና ይዞ ከመግባት በፊት እማማን መጠየቅ ነው። የቆሮሶም የጀርባ እሾህ ይወጋል፤ እጅን ከራሱ ጀምሮ ወደ ኋላ እያሻሹ እሾሁን አስተኝቶ መያዝ ነው።

እናት ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያን ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ላይ ብዙ አትገኝም፤ ከተገኘችና ከአፏ ቢጫ እንቁላል ከወጣ ግን ቶሎ ወደ ውኃው ትመለስ። እጅ የማይሞሉትም እንዲሁ። የዝዋይ ቆሮሶ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ተጎድቷል፤ በአገሪቱም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶለታል። ይህን ለልጁ የምትነግሩት ከቤት ሳትነሡ ይሁን። የመጀመሪያ ዓሣውን በእጁ ከያዘ በኋላ "መልሰው" ማለት ዕንባ ያመጣል።

የእናት ስጋት ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በዝዋይ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚራባው ቄጠማው መሐል በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ሲሆን ወደ ሰው የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። መዋኘት አያስፈልገውም፤ እግርን ነክሮ መጫወት ይበቃዋል። ሙቀቱ ለደጋ ልጅ ስለሚከብድ ጫማ የማውለቁ ልመና አይቀርምና እምቢታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መንጠቆው ድንጋይ ወይም ቄጠማ ከያዘው ማንም እንዳይገባ፤ ክሩን ቁረጡት። የአንድ መንጠቆ ዋጋ ጥቂት ብር ነው። ልጁ ሾልኮ ከገባ ቶሎ በደረቅ ፎጣ አሹት። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢታይ ለሐኪሙ ሐይቅ ዳር እንደነበረ ንገሩ። በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው፤ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የተቀመጠ ሐኪም ግን ካልነገራችሁት ቢልሃርዚያን ቶሎ ላይጠረጥር ይችላል።

ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለት፤ ያ ሰው የራሱን ቀርከሃ አይያዝ፣ ስልኩንም ኪሱ ያስገባ። "ትንሽ በጀልባ እንዙር" ከተባለ በልጁ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ሐይቁ ጉማሬም አለው። ዓሣ ሲበለት የሚሰበሰቡት አባ ኮዳዎች ሰው የለመዱ ቢሆኑም ምንቃራቸው ብርቱ ነውና ልጆቹ እንዳያባርሯቸው።

በባቱ ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ለትልቅ ሰው ምርጫው ነው፣ ለልጅ ግን ጥብሱ ይሁን። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ ልጁ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ዓሣ ገዝቶ መንጠቆው ላይ ሰቅሎ ፎቶ ያነሣዋል። ይህ አይጥመኝም። 4 ሰዓት ላይ ምንም ካልተያዘ ክሩን ጠቅልሉና ከአጥማጆቹ ግዙ፤ መራጩ ልጁ ይሁን። ስንጥቡን ገልጦ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑም ያልደፈረሰ መሆኑን ይይ። ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጥታችሁ በረዶ ባለበት ሳጥን ክተቱት፣ ቀኑ ሳይሞቅም መንገድ ጀምሩ።