የከሰረ አክሲዮን ታቅፎ መቀመጥ እስከ መቼ?

የባንክ አክሲዮን ያላቸው ብዙ ሰዎች "ዋናው እኮ አልተነካም" ሲሉ እንሰማለን። እውነት አልተነካም?

እስቲ እናስላው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ እያለ የ100 ሺህ ብር አክሲዮን የነበረው ሰው በእጁ 1,750 ዶላር ገደማ ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ዛሬም 100 ሺህ ነው፤ በዶላር ሲታይ ግን ከ1,000 በታች ወርዷል። ወደነበረበት ለመመለስ ቢያንስ 75 በመቶ መጨመር አለበት።

በርግጥ ብሩ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ቢቀመጥም ያው ይደርስበት ነበር። እስካሁን የተቀበላችሁት ዲቪደንድም ግብሩ ተቀንሶ መደመር አለበት። ተደምሮም ካልሞላ ግን ከስራችኋል።

ታዲያ ይሸጥ? ብዙ ሰው "የገዛሁበት ዋጋ ይመለስና እሸጣለሁ" ይላል። ገበያው ግን እናንተ በስንት እንደገዛችሁ አያውቅም፣ ግድም የለውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ዛሬ አክሲዮኑ ተሸጦ የሚያወጣው ገንዘብ በእጄ ቢሆን፣ ይህንኑ አክሲዮን እገዛ ነበር? መልሱ "አልገዛም" ከሆነ፣ ይዞ መቆየቱ ተስፋ እንጂ ስሌት አይደለም።

ጉዳዩን ያከረረው የካፒታል ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል። ስለዚህ ባለአክሲዮኑ "ጨምር" ይባላል፣ ዲቪደንዱም ወደ አክሲዮን ይዙር ይባላል። "የፊቱ ከንቱ እንዳይቀር" ብሎ መጨመር ግን አደገኛ ነው። የሚጨመረው ብር አዲስ ብር ነው፤ ውሳኔውም አዲስ መሆን አለበት።

መሸጡም ቢሆን እንደ ወሬው ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ባንክ ወጋገን ነው። የእናንተ አክሲዮን ገበያው ላይ ከተመዘገበ ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ይሸጣል። ካልተመዘገበ ግን ገዢ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ በርካሽ ይሸጣል።

ከመወሰናችሁ በፊት የባንኩን የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አውጡ። ጠቅላላ ትርፉን ሳይሆን የአንድ አክሲዮን ትርፍ እዩ፤ አክሲዮኑ ሲበዛ ትርፉ ለብዙ ሰው ይከፋፈላልና። ከዚያ ከሌሎች ባንኮች ጋር አወዳድሩ። ሁሉም ከወረዱ ችግሩ የዘመኑ ነው፣ መታገስ ያዋጣ ይሆናል። ሌላው ሲያድግ የእናንተው ብቻ በየዓመቱ ከወረደ ግን ችግሩ የቤቱ ነው። ያኔ ሁሉንም ባይሆን እንኳ ግማሹን ሸጦ መውጣት ሽንፈት አይደለም። የቀረውን ገንዘብ ማዳን ነው።