ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች መንገዱን እናሳያቸው

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ ተነሥተው ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ የተማሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ለትምህርት ርቆ መሄድ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን የሐይቅና የአምባሰል ጎበዝ ተማሪ ውጭ አገር ልማር ሲል የመረጃና የገንዘብ እጦት ያስቀረዋል። ሰነድ ለማረጋገጥና የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሆነውን አይኤልቲኤስ ለመፈተን አዲስ አበባ ልውረድ ቢል፣ የፈተናው ክፍያ ብቻ የገበሬ ቤተሰብን ጥሪት ያሟጥጣል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ግን ማመልከቻው በነጻ ነው፤ የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይሸፍናል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪው በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ይህን የሚነግረው ያጣ ልጅ ለደላላ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ አማካሪ መምህር ይመድብ፤ ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ተማሪውን ሳያመላልስ ይስጥ። ደሴ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲም በማመልከቻ ወቅት የኮምፒውተር ክፍሉን ለእነዚህ ልጆች ይክፈት፤ ውጭ ተምረው የተመለሱ መምህራኑም ቅጹን አብረዋቸው ይሙሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሳይደረግ ቢቀር ግን የምናጣው የራሳችንን ሐኪምና መሐንዲስ ነው።