ሥጋ ለጅብ አደራ፣ አመድ ለስቴት ፈቃድ!

«ፌዴራሊዝም ከሆነ ፌዴራሊዝም ነው! ጆርጂያ ውስጥ ስላለ የአመድ ጉድጓድ ዋሽንግተንን ምን አገባት?» አለኝ አንድ ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ። አትላንታ የሚኖር ወንድሙ የመብራት ሂሳቤ ናረ ብሎ በስልክ ሲያማርር ኖሮ፣ ከሂሳቡ ውስጥ የአመድ ማጽጃ ገንዘብ መኖሩን ሲሰማ ነው ወሬው የተነሣው። እኔም «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አልኩና ጀመርኩለት። ለእናንተም እነሆ!

በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አመድ ይተዋል። የእናቶቻችን ምድጃ አመድ እንዳይመስላችሁ። አርሴኒክ አለበት፣ እርሳስ አለበት፣ ሜርኩሪ አለበት፣ ካድሚየም አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ 130 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እንዲህ ያለ አመድ አምርታለች። ታዲያ ኩባንያዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት ምን ሲያደርጉት ኖሩ መሰላችሁ? በውኃ እየበጠበጡ፣ ሥሩ ምንም ባልተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ዳር ይደፉት ነበር። ማመንጫው ውኃ ስለሚፈልግ ወንዝ ዳር ይተከላል፤ አመዱም እዚያው ይከመራል።

እስከ 2015 ድረስ በዚህ ጉዳይ ላይ አገር አቀፍ ደንብ አልነበረም። እያንዳንዱ ስቴት እንደ ፈቀደው ያደርግ ነበር። ውጤቱን ቴኔሲ ውስጥ ኪንግስተን የሚባል ቦታ አየነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአመዱ ግድብ ተደረመሰ። ከ4 ቢሊዮን ሊትር በላይ የአመድ ጭቃ ወጥቶ 120 ሄክታር ገደማ መሬት አለበሰ፣ ቤት አፈረሰ፣ ወንዝ ደፈነ። ጽዳቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። አመዱን ሲያፍሱ የከረሙ ሠራተኞች ታመምን ብለው የጽዳቱን ኮንትራክተር ከሰሱ፤ በ2018 የፍርድ ቤት ጁሪ ኮንትራክተሩ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም ብሎ ወሰነ። የእኛ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» የሚለው ለምሳሌ ነው። እነሱ ግን የእውነት አመድ አፋሽ ሆኑ!

አመዱስ የት ሄደ? ወደ 4 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው በባቡር ተጭኖ አላባማ ውስጥ ዩኒየንታውን ወደምትባል፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁርና ድሀ ወደሆነ ከተማ ዳርቻ ተወሰደ። ያንዱ ጓሮ ሲጸዳ የሌላው ጓሮ ቆሻሻ መድፊያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፈቃዱን ማን ይስጥ? ማንስ ይቆጣጠር?

ኖርዝ ካሮላይናን እንይ። በ2013 የአካባቢ ተሟጋቾች ዱክ ኢነርጂ የተባለውን ግዙፍ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በአመድ ብክለት ልንከስ ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጡ። የስቴቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምን አደረገ? እየተጣደፈ ራሱ ከሳሽ ሆነና መንገዱን ዘጋባቸው። ከዚያም በሁለት ማመንጫዎች ጉዳይ ከኩባንያው ጋር የዕርቅ ሐሳብ አቀረበ። ቅጣቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 99 ሺህ ዶላር ገደማ! የጊዜው ገዥ ፓት ማክሮሪ ደግሞ ሥልጣን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ከሃያ ዓመታት በላይ የሠሩት የት ነበር? እዚያው ዱክ ኢነርጂ!

የካቲት 2 ቀን 2014 ከአንድ የዱክ የአመድ ኩሬ ሥር ያለ ቱቦ ተሰበረ። እስከ 39 ሺህ ቶን የሚደርስ አመድ ዳን ወንዝ ውስጥ ገባ። ወንዝ ደግሞ የስቴት መታወቂያ አያሳይም። አመዱን ተሸክሞ ድንበር ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባ፤ ዳንቪል የተባለችው ከተማ የመጠጥ ውኃዋን የምትቀዳው ከዚሁ ወንዝ ነው። ወዳጄ «ስቴቱ በራሱ ጉዳይ ይወስን» ይላል። እሺ፣ የዳንቪል ሕዝብ ማንን መርጦ ነው ኖርዝ ካሮላይና ላይ የሚከራከረው?

ስቴቱ አፍሮ የዕርቅ ሐሳቡን አነሣ። ከዚያ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ገባበት። በግንቦት 2015 ኩባንያው ዘጠኝ ክሶችን አምኖ 102 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ክሱ ያው አንድ ዓይነት ነው አልልም። ግን 99 ሺህና 102 ሚሊዮን! ልዩነቱን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

በዚያው በ2015 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደንብ አወጣ። ደንቡ ጥርስ የጎደለው ቢሆንም ኩባንያዎቹ የጉድጓድ ውኃ ምርመራቸውን ለሕዝብ እንዲያሳዩ አስገደደ። በ2019 ሁለት የአካባቢ ድርጅቶች የኩባንያዎቹን የራሳቸውን ቁጥር ደምረው ሲያዩ፣ ከ265 ማመንጫዎች በ91 በመቶው ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ተበክሎ ተገኘ። ደንቡ ባይኖር ይህን ማን ይነግረን ነበር?

ኮንግሬሱ በበኩሉ በ2016 መጨረሻ ስቴቶች በፌዴራሉ ፈንታ ፈቃድ መስጠት ይችላሉ የሚል ሕግ አጸደቀ። ግን አንድ ገደብ አለው፤ ጥበቃቸው ከፌዴራሉ ማነስ የለበትም። ኦክላሆማ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ ተፈቀደላቸው። አላባማ ግን በ2024 ተከለከለች። ለምን ቢባል፣ አመዱ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር እንደተነካካ ላዩን ብቻ ከድናችሁ ተዉት የሚል ፈቃድ ትሰጥ ስለነበር ነው። የሻይ ብርጭቆ ላይ ክዳን ብትደፉበት ቅጠሉ ቀለሙን መልቀቁን ይተዋል እንዴ?

ታዲያ ይህ ገደብ ተከብሮ ይኖር ይሆን? መጋቢት 2025 ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሊ ዜልዲን የአመዱን ፈቃድ ቶሎ ቶሎ ለስቴቶች እናስረክባለን፣ ደንቡንም እንከልሳለን ብለው አወጁ። በግንቦት ደግሞ ኖርዝ ዳኮታን ለማጽደቅ ሐሳብ ቀረበ። ፍጥነት! ለመርዝ ጉድጓድ ይህን ያህል ጥድፊያ ምን ይባላል?

ወዳጄ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አነሣ። አንደኛ፣ «ስቴቱ መሬቱን የበለጠ ያውቃል» አለኝ። እውነት ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና ራሷ ከቅሌቱ በኋላ ሕግ አውጥታ፣ ወደ 80 ሚሊዮን ቶን የሚሆን አመድ ተቆፍሮ እንዲወጣ ከኩባንያው ጋር ተስማምታለች። ግን መቼ ነቃች? ወንዙ ከጠቆረና ክሱ ከተከመረ በኋላ! ሁለተኛ፣ «የኪንግስተን ማመንጫ እኮ የፌዴራል መንግሥት ንብረት ነው» አለኝ። ይህም እውነት ነው። እኔም ዋሽንግተን መልአክ ናት አላልኩም። ማንም በራሱ ጉዳይ ላይ ብቻውን ዳኛ አይሁን ነው የምለው። ስቴቱ ፈቃዱን ይጻፍ፣ ፌዴራሉ ይመርምር፣ ዜጋው ሁለቱንም መክሰስ ይቻለው።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነህ፣ ግን ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ሲነሣ ድስቱ ተገልብጦ ወጡ አመድ ላይ ይፈሳል!

ሂሳቡንስ ማን ይከፍላል? ጆርጂያ ውስጥ የስቴቱ የአገልግሎት ኮሚሽን በ2019 መጨረሻ ጆርጂያ ፓወር የአመድ ማጽጃ ወጪውን ከደንበኞቹ እንዲሰበስብ ፈቅዷል። አመዱን ኩባንያው ደፋው፣ ስቴቱ ፈቀደ፣ ባለመብራቱ ከፈለ። የወዳጄ ወንድም ይኸው በየወሩ እየከፈለ ነው።

እኛስ? የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የድንጋይ ከሰል እያነደዱ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ፌዴራልና ክልል «ሥልጣኑ የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ እንሰማለን፤ ጉድጓዱንና ወንዙን ግን ማን ይጠብቃል? ፈቃድ ሰጪውንስ ማን ያየዋል? የአሜሪካኖቹ አመድ ቡን ሲል እያየን ካልተማርን፣ የኛም ተራ ሲደርስ ማልቀስ ብቻ ይሆናል ዕጣችን።

ቸር ያሰማን!