ዝንብ ሸጦ መኖር ይቻላል?

አትሳቁ፣ ይቻላል። ጎረቤታችን ኬንያ እየሸጠች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍላይ ፊሺንግ በሚባለው የዓሣ ማጥመድ ስልት መንጠቆው ላይ ትል አይሰካም። ላባ፣ ፀጉርና ክር ይጠቀለልበትና ዝንብ ይመስላል፤ ዓሣውም እውነተኛ መስሎት ይጎርሰዋል። ይህ ዝንብ የሚታሰረው በእጅ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ትራውት የተባለው ዓሣ ኬንያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ ዝንብ ማሰሩም ተከትሎት መጣ። ዛሬ ኬንያውያን ያሰሩት ዝንብ አውሮፓና አሜሪካ ይሸጣል።

እኛስ? ትራውት ከኬንያ ባሌ ከደረሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ዌብ፣ ዳንካና ሻያ ወንዞች ላይ ለማጥመድ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ። ግን ዘንጉንም ዝንቡንም ከአገሩ ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔ የምለው፣ የዲንሾ ወጣቶች ዝንብ ማሰር ይማሩ። መነሻው ትንሽ ሞርሳ፣ መቀስ፣ ክር፣ መንጠቆና ላባ ነው። ለአንዳንዱ ዝንብ ለዚሁ ተብሎ የረባ አውራ ዶሮ ላባ ያስፈልጋል፤ ለብዙው ግን በየበዓሉ የምንጥለው ይበቃል።

ሀብታም ያደርጋል እያልኩ አይደለም። ለውጭ ድርጅት የሚያስር ሰው የሚከፈለው በፍሬ ነው፤ ዋናው ትርፍ የሻጩ ነው። ስለዚህ ከኤክስፖርት በፊት ወንዙ ዳር ለቆመው እንግዳ እንሽጥ። እዚያ መሐል የሚገባ ደላላ የለም። ደግሞስ የባሌ ትራውት የትኛውን ዝንብ እንደሚጎርስ ከወንዙ ልጅ በላይ ማን ያውቃል?