መደጎሚያ ነው ወይስ ንግድ?

በሆሳዕና ከተማ በደመወዝ ብቻ የሚኖር ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። መምህሩ ባጃጅ ገዝቶ ለሹፌር ሰጥቷል። ነርሷ ከዶዮገና በግ እያስመጣች ለበዓል ትሸጣለች። የቢሮ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት ገዢና ሻጭ ያገናኛል። በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔም ነገሩ ያው ነው። ይህ የኑሮ ውድነት የወለደው ትጋት በመሆኑ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ስለ ግብር ሲነሳ ነው። "ንግድ አለህ ወይ?" ሲባል የብዙው ሰው መልስ "ኧረ ምን ንግድ አለኝ፣ መደጎሚያ እንጂ" የሚል ነው።

ሕጉ ግን "መደጎሚያ" የሚባል ነገር አያውቅም። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ንግድን ሲተረጉም፣ ትርፍ ለማግኘት የሚከናወን የኢንዱስትሪ፣ የንግድ ወይም የሙያ ሥራ ሁሉ ንግድ ነው ይላል። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ቢሠራም ለአጭር ጊዜ ቢሠራም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ለመስቀል ሰሞን ብቻ አሥር በግ ገዝቶ አትርፎ የሸጠ ሰው፣ በአዋጁ ዓይን ለዚያ ሰሞን ነጋዴ ነው። አንድ በግ አርዶ ከጎረቤት ጋር የተካፈለው ግን ነጋዴ አይደለም፤ ያሰበው ትርፍን አይደለምና። መለያው የሥራው ትንሽነት ሳይሆን ዓላማው ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ "የትርፍ ጊዜ መዝናኛ" የሆነውን ሥራ ከንግድ ለይቶ ያያል። ከአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ በሦስቱ ያተረፈ ሥራ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ለትርፍ እንደተሠራ ይገመታል። መዝናኛ ነው የተባለው ሥራ ግን ገቢው ግብር ይከፈልበታል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ወጪው አይቀነስለትም። እንግዲህ እዚያም ቢሆን "ለጨዋታ ነው የምሠራው" ማለት ከግብር አያድንም፤ እንዲያውም ያስከፍላል።

በእኛ አገር እያንዳንዱ ገቢ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ደመወዝ በሠንጠረዥ "ሀ" ነው፤ አሠሪው ቀንሶ ያስገባዋል። የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ "ለ"፣ ንግድ በሠንጠረዥ "ሐ" ይታያል። ሠንጠረዦቹ አይደመሩም። ስለዚህ "የበጉን ትርፍ ካስታወቅሁ የደመወዜ ግብር ይጨምራል" የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ከደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም እህት የላከው ገንዘብ ስጦታ እስከሆነ ድረስ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ብዙዎች ግን በዚያ ገንዘብ የተሠራው ቤት የሚያስገባው ኪራይም ነፃ ይመስላቸዋል። አይደለም። ገንዘቡ ስጦታ ነው፤ ኪራዩ ግን የኪራይ ገቢ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ኋላ ውዝፍና ቅጣት ሲጠየቅ ይደነግጣል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ "ለ" አስቀምጦ ግብሩን በሽያጩ መጠን ላይ መሥርቶታል። መነሻው ትርፍ ሳይሆን ሽያጭ ከሆነ፣ የሽያጭ መዝገብ የሌለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት በቀን ገቢ ግምት የተነሳ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ግምቱ በዛ ብሎ የጮኸው ነጋዴ ብዙ ነበር፤ ጩኸቱን በደብተር የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነበር። ያልጻፈ ሰው ሌላው ይጽፍለታል።

ዛሬ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ባጃጁ በቀን ያስገባውን፣ በጉ የተገዛበትንና የተሸጠበትን፣ ደላላው የተቀበለውን ኮሚሽን በአንድ ደብተር በየዕለቱ ማስፈር ነው። ከዚያም ወደ ገቢዎች ቢሮ ሄዶ በየትኛው ሠንጠረዥና ደረጃ እንደሚወድቅ በግልጽ ጠይቆ መመዝገብ ነው። ፈቃድ አውጥቶ፣ ሱቅ ተከራይቶ፣ ግብር ከፍሎ የሚሠራው ነጋዴ ከማይከፍለው ጎረቤቱ ጋር በዋጋ መወዳደር እንዳቃተው በየገበያው ይናገራል። ቅሬታው እውነት አለው።

ሸክሙ ግን በአንድ ወገን ብቻ መጫን የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ነው፤ የሆሳዕና የባጃጅ ግብር አዲስ አበባ አይሄድም። ስለዚህ ክልሉ ተጨማሪ ገቢ ላለው ደመወዝተኛ ግዴታውን በአንድ ገጽ፣ በሚገባው ቋንቋ አዘጋጅቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየገበያው ቢለጥፍ የሚጠቀመው ራሱ ነው። በፈቃዱ ሊመዘገብ የመጣን ሰው በመጀመሪያው ቀን "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" ብሎ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ሰው በፈቃዱ አይመጣለትም።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይኸው ነው፤ ትርፍ ታስቦበት የተሠራ ሥራ ስሙ ምንም ቢሆን ንግድ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ገቢው ትንሽ ሳለ ማስታወቅ ከብዙ ዓመት ውዝፍ ያድናል።